መጥፎ ወሬ በመኪና

ክሌም ሊንድነር ከሲድኒ በመጣው አማካሪ ላይ እንዳይጮህ ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል። አማካሪው የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ልህቀት» ብሎ ጻፈና አሰመረበት። ከሥሩ «አጋርነት» ብሎ ጨመረ። ከዚያም ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ሠዓሊ ሥዕሉን እንደሚያይ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው።

«እሺ፣ አሁን ወደ ልባችን እንግባ» አለ። «ይህ ድርጅት ቃል ቢሆን ኖሮ ምን ቃል ይሆን ነበር?»

«ድርጅት ቃል አይሆንም» አለ ክሌም።

«በምሳሌ ማለቴ ነው።»

«በምሳሌም አይሆንም።»

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው አንቲያ ቮሊስ በዓይኗ ለመነችው። አንቲያ የፖርት ፒሪ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች እዚህ ተቀጥራ፣ እዚህ አግብታ፣ እዚህ ጸጉሯ መሸበት ጀምሯል። ድርጅቱን የምትረከበው እሷ ነች፤ መረከብ ከቻለች።

«ፔንጊሊ እና ሊንድነር» የሰው ቁጠባ ተቀብሎ፣ አክሲዮን እየገዛና እየሸጠ የሚያስተዳድር፣ አደላይድ ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ከሁለቱ መሥራቾች በሕይወት የቀረው ክሌም ነው። ጉልበቱም ጆሮውም አስቸግረውታል፤ ድርሻውን ለአንቲያና ለሌሎቹ ሠራተኞች ሸጦ ጡረታ ሊወጣ ቆርጧል። ሠራተኞቹ ገንዘቡ ስለሌላቸው ባንክ ሊያበድራቸው ተስማማ፤ ግን ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛው፣ ድርጅቱ የሚመራባቸውን እሴቶች በጽሑፍ እንዲያቀርብ ነው። አማካሪው የመጣው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ድረስ ነባሮቹ ደንበኞች ንቅንቅ እንዳይሉ ነው። ደንበኞቹ ከወጡ ብድር የለም። ብድር ከሌለ ደግሞ ሜልቦርን ያለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ድርጅቱን ጠቅልሎ ለመግዛት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከሜልቦርኖቹ ጋር ሁለት ጊዜ ምሳ በልቶ ዋጋ የተነጋገረው ራሱ ክሌም ነው፤ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል ብሎ። ለደንበኞቹ ግን አልተነገረም። አንቲያ ይነገራቸው ብላ ነበር፤ ክሌም «ላልተወለደ ልጅ ስም አይወጣለትም» ብሎ አፏን አዘጋት።

«አቶ ሊንድነር፣ እርስዎ መሥራች ነዎት» አለ አማካሪው። «ሲጀምሩ ምን ዓይነት እሴት ይዘው ነበር?»

«እሴት የሚባል አልነበረንም። የነበረን ሕግ ነው። መጥፎ ወሬ በመኪና፣ ጥሩ ወሬ በፖስታ። ራስህ የማትበላበት ድስት ለሰው አትጣድ። ወጥ ቤት ተቀምጠህ ለገበሬ ማስረዳት የሚያቅትህን አትግዛ። በቃ።»

አማካሪው ደስ አለው። ወደ ሰሌዳው ዞረና «ግልጽና ቀዳሚ ተግባቦት» ብሎ ጻፈ።

ክሌም ሽንቱ እንደመጣበት ተናግሮ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ደረጃውን ሲወርድ የተናደደው በአማካሪው ብቻ አልነበረም። ሮስ ፔንጊሊ በሕይወት ቢኖር ይህን ሰው በአንድ ቀልድ አሳቅቆ ያባርረው ነበር፤ ክሌም ቀልድ አይሆንለትም፣ ይህም አናዶታል። ሮስ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ሁሉ ባዶ ወደ ሆነው የሮስ ወንበር የማየት ልማድ አለበት።

ሕጉን ያመጣው ሮስ ነው። ያኔ ሁለቱም ወጣት ሆነው በአንድ ታወቅሁ ባይ የአክሲዮን ደላላ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ገበያው በአንድ ጀምበር ተናደና የደላላው ቤት አለቃ «ማንም ስልክ እንዳያነሳ» ብሎ ትእዛዝ ሰጠ። ስልኮቹ ቀኑን ሙሉ ጮኹ። ከማዶ የሚደውሉት የወይን ገበሬዎች፣ የበግ አርቢዎች፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሮስ ብድግ ብሎ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳ።

«የት ነው?» አለው ክሌም።

«ባሮሳ ሸለቆ፣ የወይን ገበሬዎቹ ጋ። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«መንገዱን አታውቀውም። ደግሞ እነዚያ ጀርመኖች እንዳንተ ያለ የኮርንዎል እንግሊዝ ዘር ቤታቸው አያስገቡም።»

«ለዚህ አይደል አንተን፣ ጀርመኑን፣ የምወስድህ?»

ክሌም ኩርፍ ብሎ ተከተለው። ሮስ መጀመሪያ የሄዱበት ቤት በር ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቁጭ በል ሲሉት እምቢ አለ። «ከገንዘባችሁ ግማሹ ጠፍቷል» አለ። «የቀረውም ይቀንስ ይሆናል። እንድትገዙ የመከርኳችሁ እኔ ነኝ።» የቤቱ ባለቤት ወደ ሚስቱ ዞሮ «ውኃ ጣጂ» አላት። ሁለቱ ሲመለሱ ከሥራ ተባረሩ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓመት የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻቸው እነዚያው ግማሽ ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎች ሆኑ። ክሌም ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመዋል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ አልተሰበረም። ትርፍ ሲገኝ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይላካል። ኪሳራ ሲመጣ ደግሞ አክሲዮኑ እንዲገዛ ያሰበው ሰው ራሱ የድርጅቱን ነጭ ፎርድ መኪና ነድቶ ይሄዳል፤ ቆሞ ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ኬክ የሚቀርብለትም ያኔ ነው። መኪናው ሲያረጅ በሌላ ነጭ ፎርድ ይተካል። ባሮሳ ውስጥ ያሉት የአንጋስተንና የኪንተን ሰዎች ከአቧራው ያውቁታል። መንገዱ ላይ ሲታይ ሴቶቹ ውኃ ይጥዳሉ፤ ወንዶቹ የወይን መግረዣቸውን ይጥላሉ፤ ውሾቹ እንኳን አይጮኹም ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው ግን የሮስ ፈጠራ ነው።

ክሌም ጡረታውን ሲያስብ አንድ ነገር ብቻ ያምረው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደነዚያ ቤቶች የሄደው ኪሳራ ተሸክሞ ነው። በጥሩ ቀን አይቷቸው አያውቅም። ጥርጊያውን ወጥቶ፣ በር ላይ ሳይቆም ገብቶ፣ ምንም ሳይናገር አንዴ እንደ ሰው ኬክ መብላት ፈለገ።

«ካርድ ላክላቸው» አለችው ሚስቱ ሾና።

«ሠላሳ ዓመት የበላሁትን ኬክ በካርድ ላመስግን?»

«ኬኩን የምትበላው ካሳዘንካቸው በኋላ አይደል? እነሱ ያንን ነው የሚያስታውሱት።»

«እንዳልሽ» አለ፤ ግን ባርኔጣውን አነሳ።

ወይኑ ተለቅሞ ቅጠሉ ቢጫ የሆነበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ግሪኖክ አጠገብ ወይን ወደሚያለማው ወደ ከርት ሾልዝ ነው። ከርት መኪናውን ከሩቅ አይቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀው።

«ደህና ዋልክ ከርት» አለ ክሌም ከመኪናው እየወረደ።

«መዋሌን አንተ ንገረኝ እንጂ። ስንት ሄደ?»

«ምንም አልሄደም። ልሰናበትህ ነው የመጣሁት።»

«የት ልትሄድ?»

«የትም። ጡረታ ልወጣ ነው።»

«እና ለዚህ በመኪና መጣህ?»

«በምን ልምጣ? በግመል?»

ከርት አልሳቀም። «ክሌም፣ እኔና አንተ ስንተዋወቅ ጸጉር ነበረህ። አትጠማዘዝብኝ። የትኛው ነው የወደቀው? ማዕድኑ ነው?»

«የማዕድን አክሲዮን የለንም።»

«ድሮም የለንም ወይስ ከትናንት ወዲህ?»

«ድሮም የለንም። በጉድጓድ ውስጥ ያለ ነገር አንገዛም ብዬ ስንቴ ነግሬሃለሁ። ላመሰግንህ ነው የመጣሁት፤ በቃ፣ አመሰግናለሁ።»

«ለምኑ?»

«ስላመንከን።»

ከርት ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ ሰው «ስላመንከን አመሰግናለሁ» የሚለው መቼ እንደሆነ እያሰበ እንደነበር ለክሌም የገባው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከኋላው በመስተዋት ሲያይ ከርት ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር፤ ያ ሰው ሲሮጥ አይቶት አያውቅም።

ሁለተኛው ቤት ሲደርስ ባልና ሚስቱ የሒሳብ ሠራተኛ ልጃቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ልጅቱ «በጽሑፍ ሊሰጡን ይችላሉ?» አለችው። «ምኑን?» ቢላት «የሚነግሩንን» አለች። ሦስተኛው ቤት ማንም አልከፈተለትም፤ ጭስ ማውጫው ግን ይጨሳል፣ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ክሌም በሩን እያንኳኳ «ደህና ነው! ምንም የለም!» ብሎ ጮኸ፤ ከጮኸ በኋላ ራሱም እንዲህ እያለ የሚጮህ ሰው አምኖ እንደማያውቅ አሰበ።

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ ኖስከ በመጨረሻ ነበሩ። ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የኪንተን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ወሬ ሁሉ በእሳቸው ስልክ በኩል ያልፋል። ክሌም ከሁሉም የሚወደው የእሳቸውን ኬክ ነበር፤ ላዩ ላይ የቅቤና የስኳር ፍርፋሪ የተነሰነሰበት እርሾ ኬክ። በሩ ተከፍቶ ሽታው እየመጣ ነበር። እግሩን ሊያስገባ ሲል እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚያው ቁም። በመጀመሪያ ቆመህ ነው የምትናገረው፤ ሕጉ የናንተ ነው።»

«የምናገረው የለኝም ወይዘሮ ኖስከ። ላመሰግንዎት ነው።»

«ከርት ደውሎልኛል። አመሰገነኝ ሲለኝ አንደበቱ ይተሳሰር ነበር።»

«ከርት አንደበቱ የሚተሳሰረው ከወይን ነው።»

«ሮስ ሲሞት ማን መጥቶ ነገረኝ?»

«እኔ።»

«በምን መጣህ?»

ክሌም ተነፈሰ። «በመኪና።»

«እንግዲያስ። አሁን ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ማንም አልከሰረም። ሽማግሌ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ሥራ ልተው ነው። በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ቀን እንኳን እንደ እንግዳ መምጣት አይፈቀድልኝም?»

ወይዘሮ ኖስከ ዓይን ዓይኑን አዩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው በወረቀት የተጠቀለለ የተጨሰ ቋሊማ ይዘው ወጡ። ቋሊማ ለመንገደኛ ነው የሚሰጠው። ኬክ አልቀረበም።

«ለመናገር ስትዘጋጅ ተመለስ» አሉት፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ስልክ ሁሉ ይጮኻል። አንቲያ አንዱን ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን ትከሻዋ ላይ ይዛ፣ ክሌምን ስታየው ሁለቱንም አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«አመሰገንኳቸው።»

«ስንት ቤት?»

«አራት።»

«አራት ቤት አመስግነህ ግማሽ ባሮሳ ገንዘባችንን መልሱ እያለ ነው። ትናንት በቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ በኋላ ስለኛ ነው የተወራው። ባንኩም ሰምቷል።»

«ባንኩ ከየት ሰማ?»

«የባንኩ ሰውዬ አክስት ኪንተን ነው የምትኖረው።»

ክሌም ወንበሩ ላይ ወደቀ። «የደህና ቀን ወሬ አይወዱም ማለት ነው? ሰው ምን ይሻለዋል? እኔ ምን ላድርግ? ታምሜአለሁ ብዬ ልዋሻቸው?»

«ምንም አታድርግ። እባክህ ዛሬ ምንም አታድርግ።»

እሱ ግን ቢሮውን ዘግቶ ደብዳቤ ጻፈ። ሁሉም ነገር ደህና እንደሆነ፣ ጉብኝቱ የስንብት ብቻ እንደነበረ፣ ገንዘባቸው እንደ ወትሮው እንደተጠበቀ በጥሩ ቋንቋ ገለጸና ለሁሉም ላከ። ደብዳቤው በደረሰ ቀን ከርት ደወለ።

«መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ደብዳቤ» አለ። «እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ወይ መኪና ነው ወይ ደብዳቤ ነው። ይህን የጻፈው ጠበቃ ነው አይደል?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«መጨረሻው ላይ ‹በታላቅ አክብሮት› ይላል። አንተ አክብረኸኝ ታውቃለህ?»

«ከርት፣ ወንድሜ፣ ስማኝ—»

«ይኸው፣ ወንድሜ ማለትም ጀመርክ» አለና ስልኩን ዘጋ። ገንዘቡን በዚያው ሳምንት አወጣ።

ክሌም ወደ አንቲያ ክፍል ገብቶ የማይቀመጥ ሰው ሆነ፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። «ሁሉም አብደዋል» አለ። «እንዲህ ያስተማርናቸው እኛ ነን። እውነት ብትነግራቸው አያምኑም።»

«አላበዱም» አለች አንቲያ። ድምፅዋ ደክሟል። «አንብበውሃል።»

«ምኔን?»

«ያ መኪና የሆነ ነገር ሳይዝ ሄዶ አያውቅም። አሁንም ይዟል። አንተ ስላልተናገርክ የለም ማለት አይደለም።»

«ሜልቦርንን ነው የምትይው? እሱ ወሬ አይደለም። ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ነው።»

«ሊሆንም ላይሆንም ለሚችል ነገር ሁለት ጊዜ ምሳ በላህ?»

ክሌም ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«ሕጉ ምን ነበር?» አለች። «ስቀጠር ሮስ ነው ያስተማረኝ፤ አንተ ግን አጠገቡ ነበርክ። ነገሩን ያሰበው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ራሱ ነድቶ ይሄዳል።»

«ሜልቦርንን ማን አሰበው?»

ክሌም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። የሚያናድደው ነገር ልክ መሆኗ ብቻ አልነበረም። ልክ መሆኗን ቀድሞ ማወቁ ነበር። ወይዘሮ ኖስከ በሩ ላይ ሲያቆሙት ሜልቦርን ከጥርሱ ጀርባ ነበረች፤ ምላሱ ነክቷት ተመልሷል። እሳቸው ያዩት ያንን ነው። እንደ እንግዳ መምጣት አማረኝ ብሎ የከፋውን ነገር መኪናው ውስጥ ቆልፎበት ወረደ፤ ከዚያ ለምን አላመኑኝም ብሎ ተቆጣ።

«ብነግራቸው የቀሩትም ይወጣሉ» አለ። «ከዚያ ባንኩ እምቢ ይላል፤ ሜልቦርን ይገዛናል፤ አንቺም ከእነሱ ስር ተራ ሠራተኛ ትሆኛለሽ። ይህን ነው የምትፈልጊው?»

«አልፈልግም። ግን ሳንነግራቸው ምኑን ነው የምረከበው? አማካሪው የጻፈውን ሰሌዳ?» ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች። «ና። አብሬህ እሄዳለሁ። የምትነዳው ግን አንተ ነህ።»

በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። ክሌም ሮስ ከየበሩ ፊት የሚለውን ያስታውስ ነበር፤ «በአንድ ትንፋሽ ተናገር፤ ሁለተኛውን ትንፋሽ ከሳብክ ማሳመር ትጀምራለህ።» ሮስ ይህን ሲል ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ክሌም እስከ ዛሬ ለምን እንደሚስቅ አልገባውም።

ወይዘሮ ኖስከ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። ክሌም ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባንኩ ለሠራተኞቼ ካላበደረ ድርጅቱን ለሜልቦርን ሰዎች እሸጣለሁ» አለ። «ሁለት ጊዜ ተነጋግሬአቸዋለሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ባለፈው ስመጣም አውቅ ነበር፤ አልነገርኩዎትም።»

ወይዘሮ ኖስከ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከጓሮ ዶሮዎች ይሰማሉ።

«ሜልቦርኖቹ እዚህ ይመጣሉ?»

«አይመጡም። ይደውላሉ።»

«ማን ይደውላል?»

«ተራ የደረሰው።»

«ባለፈው ዋሸኸኝ።»

«አልዋሸሁም፤ አልተናገርኩም እንጂ።»

«ለእሱ ሌላ ስም ካለህ ንገረኝ» አሉት። እሳቸውም ወደ አንቲያ ዞሩ። «አንቺስ? ነገ ለሜልቦርን አትሸጪኝም?»

«አልሸጥም ብዬ መማል አልችልም» አለች አንቲያ። «ለመሸጥ ባሰብኩ ቀን ግን መጥቼ እነግርዎታለሁ። ቆሜ።»

«የራስሽ ገንዘብ የት ነው ያለው?»

«ከእርስዎ ጋር አንድ ድስት ውስጥ። የእኔም የእናቴም።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ከደንበኞቹ ሁሉ አብዝታ የምትጨቀጭቀኝ እሷ ናት።»

ወይዘሮ ኖስከ የሳቁ መሰሉ። «ግቡ» አሉ፤ ወደ ውስጥም መሩ። ኬኩ ትኩስ አልነበረም፤ የትናንት ነው፤ ጠርዙ ደርቋል። ለአንቲያ ወፍራም ቆረጡላት። ለክሌም ቀጭን። እሱም ቀና ብሎ አያቸው፤ እሳቸውም አዩት።

«ከእንግዲህ እሷ ትምጣ» አሉ። «አንተ ደክሞኛል ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ረፍ።»

ክሌም ቀጭኑን ኬክ በላ። ያማረው እንዲህ መብላት አልነበረም፤ ግን በላ።

እነሱ ገና ከግቢው ሳይወጡ ወይዘሮ ኖስከ ስልኩን አንስተው ነበር። ምን እንዳሉ ክሌም አልሰማም። በቀሩት ቤቶች ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያንኑ ተናገረ፤ አንዱ ሰደበው፤ አንዱ «ይኸው ነው? እኔ እኮ የከፋ መስሎኝ» አለው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ልጅ በጽሑፍ ይሁንልን ብላ እንደገና ጠየቀች፤ ሰጣት። ከወጡት ጥቂቶቹ ተመለሱ። ሌሎቹ አልተመለሱም፤ ከርትም ከማይመለሱት ነበር።

ባንኩ በመጨረሻ ፈቀደ፤ ግን ካሰበው አሳንሶ ነው። ጎዶሎው እንዲሞላ ክሌም የድርሻውን ዋጋ ሙሉውን ወስዶ መውጣት አልቻለም፤ ትልቁን ክፍል እዚያው ትቶ ለብዙ ዓመት በትንሽ በትንሹ ሊከፈለው ፈረመ። ሾና ለጡረታቸው ሊገዙት ያሰቡትን የባሕር ዳርቻ ትንሽ ቤት ነገር ዳግም አላነሳችም። ሜልቦርኖቹ በጣም ትሑት የሆነ መልእክት ልከው ተሰናበቱት። ሲድኒ ያለው አማካሪ ስድስት ቃላት በወፍራም ወረቀት አሳትሞ ከሒሳብ ጥያቄው ጋር ላከ፤ ባንኩ ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ አስገባው፤ ክሌም ዋጋውን ሲያይ የተናገረው ቃል ከስድስቱ መካከል አልነበረም።

ከተረካከቡ በኋላ ባለው ሳምንት ክሌም የቀሩ ዕቃዎቹን ሊወስድ ቢሮ መጣ። አንቲያ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ አገኛት።

«ምን ወደቀ?» አላት።

«የከብት መኖ ኩባንያው። የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ እንግዛው ያልኩት። ካፑንዳ ሄጄ ለእነ ሽልድ እነግራቸዋለሁ።»

«በግሪኖክ በኩል ሂጂ፤ በዋናው መንገድ የጭነት መኪና ይበዛል።»

«አውቃለሁ።»

«ሽልድ ጆሮው ከባድ ነው፤ ጮክ ብለሽ ካልተናገርሽ—»

«ክሌም» አለችው። እጁን ያዝ አድርጋ ለቀቀችውና መኪናው ውስጥ ገባች። መስኮቱ ዝግ ነበር፤ እሱ ግን እስክትታጠፍ ድረስ አሁንም የሆነ ነገር እየተናገረ ነበር።

ዕቃ የያዘውን ካርቶን ታቅፎ የእግረኛው መንገድ ላይ ቆመ። የሚሄድበት ስላልነበረው ደረጃው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ ቆየ። መድኃኒት ቤቱን አልፎ ካለው ዳቦ ቤት ገባና ሥጋና ድንች የታጨቀበት ትኩስ ፓስቲ ገዝቶ መስኮት ዳር ተቀመጠ። ገና በግማሽ ሳያደርሰው ስልኩ ጮኸ። ከርት ሾልዝ ነው።

«ነጩ መኪና አሁን በደጄ አለፈ» አለ ከርት ሰላምታ ሳይሰጥ። «አልታጠፈም። ማን ጋ ነው የሚሄደው?»

«አንተን አይመለከትህም። ወጥተሃል።»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«ሌላ ደንበኛ ጋ።»

«ምን ወደቀ?»

«ከርት፣ ገንዘብህ ባንክ ነው ያለው። ምንም ቢወድቅ አንተ ላይ አይወድቅም።»

ከከርት በኩል የወይን መግረዣ መቀሱ ድምፅ ይሰማል፤ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል።

«ባንክ ካስገባሁት ወዲህ ማንም መጥቶ አያውቅም» አለ።

«ምንም ስላልሆነ ነዋ።»

«በምን አውቃለሁ?»

ክሌም ፓስቲውን አስቀመጠ። «ባንኩን ጠይቀው» አለ በንዴት፤ ስልኩን ግን አልዘጋውም፤ ከርትም አልዘጋውም።